የዘበኛው ቁርስ

ሲስተር ክሊኒኩን የከፈተችው እንደ ወትሮዋ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው። መስኮቶቹን ከፈተች፤ ጋዋኗን ለበሰች፤ ወደ ምርመራ ክፍሉ ገባች። በአፍ ገብቶ ጨጓራን የሚያሳየውን ረጅም ጥቁር ቱቦ ከተሰቀለበት ቁም ሣጥን አውርዳ ጫፉን መዳፏ ላይ አበራችው። መብራቱ ይሠራል። አየሩ ይነፋል። ውሃው ይረጫል። መምጠጫው ይመጥጣል። ቱቦውን ትናንት ማን እንዳጠበው፣ ጀርም በሚገድለው ፈሳሽ ውስጥ ስንት ደቂቃ እንደተዘፈዘፈ ከመዝገቡ አነበበችና ፈረመች። ኦክስጅኑን አየች። የድንገተኛ መድኃኒቶቹን አንድ በአንድ ቆጠረች። ትናንት ሙሉ ነበሩ፤ ዛሬም ሙሉ ናቸው።

ከዚያ የዕለቱን ዝርዝር ተመለከተች። ሁለት ሰዎች አሉ። አንዷ ልብስ ሰፊ፣ አንዱ ጡረታ የወጣ የፖሊስ ኢንስፔክተር።

ክሊኒኩ ትንሽ ነው፤ ሠራተኞቹም አራት ብቻ ናቸው። ዶክተሩ አለ። ሲስተር አለች። የላቦራቶሪ ባለሙያው አለ፤ ያየውን ሁሉ ስለሚበላ ስሙ ቀርቶ «አንበጣ» ተብሏል። ዘበኛው ደግሞ በሩ ላይ አለ። የሠራተኛ ማረፊያ ክፍል ስለሌለ ማቀዝቀዣው የቆመው ኮሪደሩ ላይ፣ ከበሽተኞች ወንበር ጎን ነው። ዘበኛው ቁርሱን የሚያስቀምጠው እዚያ ውስጥ ነው፤ የሚበላው ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ጥበቃ ቤቱ ውስጥ ጉንዳን አላስቀምጥ ብሎታል።

ሲስተር አንድ አመል አላት። ከምርመራው በፊት የምትጠይቃቸውን ጥያቄዎች ሁለቴ ትጠይቃለች፤ አንዴ ወንበር ላይ፣ አንዴ አልጋ ላይ። በሁለተኛው ዙር ዘመድ አዝማዱን ሁሉ ታስወጣለች። ሰው በዘመዱ ፊት ይዋሻል የሚል እምነት አላት። ዶክተሩ፣ ሲስተር እግዜር ፊት ብትቀርብ እሱንም ሁለቴ ትጠይቀዋለች እያለ ይቀልድባታል። እሷ ግን አትተወውም። በተለይ አንዱን ጥያቄ አትተወውም፤ መጨረሻ የበሉት መቼ ነው? የሚያስተኛው መርፌ ሲወጋ ጉሮሮ ሥራውን ይረሳል። ሆድ ውስጥ ያለው ምግብ ወደ ላይ ተመልሶ ሳንባ ውስጥ ከገባ ሰው ይሞታል። ስለዚህ ትናንት ለሁለቱም በሽተኞች ራሷ ደውላ፣ ከምሽት በኋላ ምንም እንዳይቀምሱ፣ በልቶ የመጣ ሰውም ሳይመረመር እንደሚመለስ ነግራቸዋለች።

ኢንስፔክተሩ ሁለት ሰዓት ላይ ከሴት ልጁ ጋር መጣ። ዘበኛው የድሮ ማዕረጉን ሰምቶ ስለነበር ቀጥ ብሎ ሰላምታ ሰጠው። ኢንስፔክተሩም በክብር መለሰለት። ሽማግሌው ከስቷል፤ ቀበቶው አዲስ ቀዳዳ ተበጅቶለታል። ልጁ ለሲስተር በጆሮዋ፣ ሰገራው ከጠቆረ ሦስት ሳምንት እንደሆነውና በግድ ለምና እንዳመጣችው ነገረቻት። ሲስተር ፊቱን አየች። ነጥቷል። የሆነ ቦታ ደም ይፈሳል ማለት ነው፤ ከዚህ በላይ ሊቆይ አይገባም።

ወንበር ላይ ጠየቀችው። ትናንት ማታ አንድ ሰዓት ላይ ሾርባ ጠጥቷል፤ ከዚያ ወዲህ ውሃም አልቀመሰም። መዘገበች።

ልብስ ሰፊዋ ቀድማ ገባች። የእሷ ሃያ አምስት ደቂቃ ወሰደ። ምርመራዋ በሰላም አለቀ፤ ስትነቃ የመጀመሪያ ጥያቄዋ «መቼ ነው የምትጀምሩት?» የሚል ነበር።

ልክ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ዘበኛው ማቀዝቀዣውን ከፈተ።

የምሳ ዕቃው ቦታው ላይ ነበር። ክዳኑም ገጥሟል። ውስጡ ግን ባዶ ነው። አንድ ዳቦ፣ ሁለት የተቀቀለ እንቁላልና ሦስት ቃሪያ የለም።

ዘበኛው አልጮኸም። ዕቃውን በሁለት እጁ ይዞ ኮሪደሩ መሐል ቆመ፤ ሕፃን እንደተሰረቀበት ሰው። ሲስተር ወጣች። ዶክተሩ ጓንቱን እንዳጠለቀ ወጣ። ልብስ ሰፊዋ ከማገገሚያ አልጋዋ ላይ አንገቷን አወጣች። ከዚያ የሁሉም ዓይን፣ ማንም ሳያዘው፣ ወደ ላቦራቶሪው በር ዞረ።

«ገና ምንም ሳልል?» አለ አንበጣ በሩ ላይ ቆሞ።

የኢንስፔክተሩ ልጅ ያኔ ነው አፏን ያመለጣት። አባቷ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሌባ ሲይዝ የኖረ ሰው ነው፤ ለዚህማ አምስት ደቂቃ አይፈጅበትም አለች። ዘበኛው ወደ ኢንስፔክተሩ ዞሮ በተስፋ አየው።

ኢንስፔክተሩ ማቀዝቀዣውን አየ፤ ልጁን አየ። ከዚያ ተነሣ። ኮቱን ቆለፈ። ሲነሣ ከገባበት ሰዓት ይልቅ በአንድ ክንድ የረዘመ መሰለ።

ምርመራው እንደ ደንቡ ተጀመረ። አንበጣን ወንበር ላይ አስቀምጦ እሱ ቆመ።

«ዛሬ ጠዋት ምን በላህ?»

«ምን አልበላህም ቢሉኝ ይቀለኛል።»

«የተጠየቅኸውን መልስ።»

«ቤቴ ፓስታ። መንገድ ላይ ሙዝ። እዚህ ስደርስ ብስኩት።»

«እንቁላልስ?»

«ትናንት ነው የበላሁት። ዛሬ አልገጠመኝም።»

ኢንስፔክተሩ ራሱን ነቀነቀና ቀጥ ብሎ ወደ ላቦራቶሪው ገባ። ግራ ቀኝ አላየም። ከጠረጴዛው ሥር ያለውን የቆሻሻ ቅርጫት ስቦ፣ በብዕሩ ጫፍ አንድ የተጠቀለለ ሶፍት አወጣ። ሲፈታ የእንቁላል ቅርፊት ሆኖ ተገኘ። ዘበኛው ዓይኑን ጨፈነ።

«አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» አለ አንበጣ። «ሰው አመሌን አይቶ ጥሎብኝ ነው።»

ኢንስፔክተሩ ስለ ሌባው ያለውን አስተያየት ለተሰበሰበው ሁሉ አስረዳ። ሌባው ልምድ ያለው፣ እጁ የማይንቀጠቀጥ ሰው ነው። ጨዋም ነው፤ ዕቃውን ጠርጎ፣ ክዳኑን ገጥሞ፣ የነበረበት ቦታ መልሶታል። ስለ ጨዋነቱ ሲናገር ድምፁ ትንሽ ሞቀ።

«እንግዲያው እኔ አይደለሁም» አለ አንበጣ። «ዕቃ መልሼ አላውቅም።»

ይህን ሁሉም አመነው። ዶክተሩ እንኳ፣ ባለፈው የተወሰደበት የምሳ ዕቃ ከነማንኪያው እስካሁን አልተመለሰም ብሎ መሰከረለት። ምርመራው ወደ ዘበኛው ዞረ። በሥራ ሰዓቱ ተኝቶ እንደሆነ ተጠየቀ። ዘበኛው ተከፋ። አልተኛም፤ የኢንስፔክተሩ ልጅ መኪናዋን በሩን ዘግታ ስላቆመችው ወደ ኋላ እንድታወጣው ሲረዳት ነበር። ግራ ሲላት ቀኝ፣ ቀኝ ሲላት ግራ እየሄደች ሃያ ደቂቃ ፈጅታበታለች። ልጅቷ አልካደችም። ግድግዳውን ግን አልነካሁም አለች። ዘበኛው፣ ግድግዳው ራሱ ነው የሸሸላት ሲል ልብስ ሰፊዋ ከአልጋዋ ላይ ሳቀች።

ልጅቷ ወደ ሲስተር ጠጋ ብላ፣ አባቷን እንዲህ ሆኖ ካየችው ወራት እንዳለፉ ነገረቻት። ቤት ውስጥ ቴሌቪዥኑን ድምፁን አጥፍቶ ነው የሚያየው። ዛሬ ግን ያው የድሮው ሰውዬ ሆኗል። እይው፣ ዓይኑ ራሱ እንባ አቅርሯል አለች።

ሲስተር አየችው። እውነትም ዓይኑ ረጥቧል፤ አፍንጫውንም ደጋግሞ ይጠርጋል። በአንድ እጁ ደግሞ ሆዱን ይዟል።

ማሰብ ጀመረች። ልብስ ሰፊዋ ስትመረመር እሷና ዶክተሩ ክፍሉ ውስጥ ነበሩ። ዘበኛውና ልጅቷ ከመኪናው ጋር ነበሩ። አንበጣ ላቦራቶሪው ውስጥ ነበር፤ ኢንስፔክተሩንም ደም ሊወስድለት የጠራው ልብስ ሰፊዋ ልትወጣ ስትል ነው። ታዲያ ኮሪደሩ ላይ ማን ቀረ? ስለ እሱ ማንም አላሰበም። እንዳይበላ የተከለከለ ሰው ስለ ምግብ ሌብነት አይጠረጠርም።

ደግሞ ቅርጫቱ። በዚያ ክፍል ውስጥ ሦስት ቅርጫት አለ። ሰውየው ወደ አንዱ ብቻ ነው የሄደው።

ዶክተሩ ሰዓቱን አየና ቁርሱ ይደርሳል፣ ኢንስፔክተሩ ይግባ አለ። ኢንስፔክተሩ መዝገቡ ለጊዜው ሳይዘጋ እንደሚቆይ ለዘበኛው አስታውቆ ገባ። ልጁ ተከትላው ልትገባ ስትል ሲስተር በሩ ላይ አስቆመቻት።

አልጋው ዘንድ ሁለቱ ብቻ ቀሩ። ዶክተሩ ከመጋረጃው በስተጀርባ እጁን ይታጠባል። የሚያስተኛው መድኃኒት በመርፌው ተስቦ ትሪው ላይ ተቀምጧል። ኢንስፔክተሩ አልጋው ላይ ወጣ። የጣቱን መቆንጠጫ ስታደርግለት ማሽኑ የልቡን ምት ማሰማት ጀመረ። ይፈጥናል።

ሁለተኛውን ዙር ጀመረች። ስሙን ጠየቀችው፤ ትክክል ነው። የማይስማማው መድኃኒት የለም። ደም የሚያቀጥን አይወስድም። መጨረሻ የበሉት መቼ ነው አለችው።

«ትናንት ማታ አንድ ሰዓት። ሾርባ።»

ዓይኑን አላርገበገበም። ሠላሳ አንድ ዓመት ውሸት ሲሰማ የኖረ ሰው፣ ሲዋሽ ያምርበታል። ማሽኑ ግን ፖሊስ ሆኖ አያውቅም፤ ምቱ ይበልጥ ፈጠነ።

«ጥርስዎን ያውልቁልኝ።»

«የራሴ ነው።»

«ልጅዎ የላይኛው ሰው ሠራሽ ነው ብላኛለች። ሲተኙ ወደ ጉሮሮ ሊገባ ይችላል።»

«እንግዲያው ውሃ ይሰጠኝና ልጉመጥመጥ።»

«ካወለቁ በኋላ።»

ሽማግሌው ወደ ጣሪያው አየ። ወደ በሩ አየ። ከበሩ ውጭ ልጁ አለች። ጀርባውን ለሲስተር ሰጥቶ ሊያወልቀው ሞከረ፤ በመዳፉ ሸፍኖ ሊያስቀምጠው ፈለገ። ሲስተር ጓንት ያደረገ እጇን ዘርግታ ጠበቀች። መጨረሻ ላይ ሰጣት።

ገልብጣ መብራቱ ሥር አየችው። ከላንቃው በሚገጥመው ጎን፣ አንዲት ነጭ ጠፍጣፋ ፍሬ ተለጥፋለች። የቃሪያ ፍሬ። አጠገቧ ቢጫ ነገር አለ፤ አስኳል።

«ኢንስፔክተር፣ ይህ ምንድን ነው?»

ጥርስ የሌለው አፍ ክብር የለውም። እሱም ያውቀዋል። እያፏጨ፣ «ማስረጃ ነው» አላት።

ዶክተሩ መርፌውን ሊያነሣ ከመጋረጃው ወጣ። ሲስተር ትሪውን ከእጁ አራቀችና አንድ ደቂቃ እንዲሰጣት ጠየቀችው። እሷ አንድ ደቂቃ ስትል እንደማትቀልድ ስለሚያውቅ ወደ ኮሪደሩ ወጣ።

ጥርሱን አጥባ መለሰችለት። ስትቆጣ ድምፅዋ ይቀንሳል፤ አሁን እሱ ራሱ ጎንበስ ብሎ ነው የሰማት። ይህ መርፌ ቢወጋ ኖሮ እንቁላሉ ከሆዱ ወደ ሳንባው ሊሄድ ይችል እንደነበር፣ እዚህ ካሉት መሣሪያዎች ሁሉ አንዱም ላያተርፈው ይችል እንደነበር ነገረችው። እያወቀ ነው ወይ ያደረገው?

አላወቀም ነበር፤ ግማሹን ብቻ ነው ያወቀው። በልቶ የመጣ ሰው ይመለሳል ያለችው ራሷ ናት። እንዲመለስ ብሎ በላ። ቢርበው አይደለም። ቁጭ ብሎ እያለ ማቀዝቀዣው አጠገቡ ነበር፣ ሰው አልነበረም፣ እጁ ተዘረጋ። ልብስ ሰፊዋ ስትወጣ በልቻለሁ ሊል፣ ዘበኛውንም በስውር ሊክስ አስቦ ነበር። ያን ሳይል ግን ዘበኛው ዕቃውን ከፈተ። ልጁም አባቴ ይይዘዋል አለች።

«ታዲያ ከዚያ በኋላ ምን ልበል? የዘበኛ ቁርስ የሰረቀ ኢንስፔክተር?»

«ሬሳዎ ቢወጣ ይሻል ነበር?»

«በክብር ይወጣ ነበር።»

ሲስተር ልትስቅ ቃጣት፤ አልሳቀችም። ለምን እንዲመለስ እንደፈለገ ጠየቀችው። ይህን የጠየቀችው አንዴ ብቻ ነው።

ኢንስፔክተሩ የአልጋውን ጠርዝ በመዳፉ ዳሰሰ።

«ሚስቴን እንዲህ ያለ አልጋ ላይ አስተኟት። እንዲህ ያለ ቱቦ ገባ። ከገባ በአራተኛው ወር ቀበርኳት።»

«ቱቦው አይደለም የገደላቸው።»

«አውቃለሁ። ስብሰባ ላይ ብትጠይቂኝ እንደዚያው ነው የምመልሰው።»

ማሽኑ ምቱን መቁጠር ቀጠለ። ሲስተር አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች፤ በሥራ ሰዓት ተቀምጣ አታውቅም። ጥፋተኛው ማን እንደሆነ ላለማወቅ ብሎ የዘጋው መዝገብ ኖሮ ያውቅ እንደሆነ ጠየቀችው። በሕይወቱ የለም አላት፤ ትንሽ ተቆጥቶ። የሚደማውን ነገር ባናየውም መድማቱን አይተውም አለችው። ካየነው ግን ስም ይኖረዋል። ስም ያለውን ይዘው መክሰስ ይቻላል። ከዚያ ተነሥታ የጣቱን መቆንጠጫ አወለቀችለት።

«ነገ ስንት ሰዓት?» አላት።

«ሁለት ሰዓት። ባዶ ሆድ። አሁን ግን የሚቀርዎት አንድ ሰው አለ።»

ኢንስፔክተሩ ኮቱን ቆልፎ ወጣ። ኮሪደሩ ላይ ሁሉም አሉ። ዘበኛው ፊት ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ሰላምታ ሰጠ። በዚህ ጊዜ ቀድሞ የሰጠው እሱ ነው።

«ሌባው ተይዟል።»

«ማን ነው ጌታዬ?»

«ፊትህ ቆሟል።»

ልጁ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ዘበኛው ከላይ እስከ ታች አየው።

«ቃሪያውንም?»

«ቃሪያውንም።»

«ሦስቱንም? በዚያ ጨጓራ?» ዘበኛው ወደ ሲስተር ዞረ። «እኔ በጤናዬ አንድ ተኩል ነው የምበላው።»

ዶክተሩ ግድግዳውን ተደግፎ እስኪቀመጥ ሳቀ። ልብስ ሰፊዋ፣ ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል የተባለው ለሌላ ነበር፣ እዚህስ ፖሊሱ ነው የላሰው አለች። አንበጣ ብቻ አልሳቀም። ንጹሕ ሰው ሆኖ መቆም ምን እንደሚመስል ገና እያጣጣመው ነበር። ይህ ነገር በጽሑፍ ይሰጠኝ ሲል ኢንስፔክተሩ ወረቀት ጠይቆ እዚያው ጻፈለት። የዘበኛውንም ቁርስ ልጁ ወዲያው ሮጣ ገዝታ መጣች። መኪናዋን ግን እንዳታንቀሳቅሳት ተለመነች።

በማግስቱ ኢንስፔክተሩ ሁለት ሰዓት ላይ ደረሰ። ዘበኛው የምርመራው ሰዓት እስኪደርስ ከአጠገቡ አልተነሣም፤ የምሳ ዕቃውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። ሲስተር ጥያቄዎቹን ሁለቴ ጠየቀች። ጥርሱን ሳትጠይቀው አውልቆ ሰጣት፤ ንጹሕ ነው። በግራ ጎኑ አስተኛችው። የአፍ መጠበቂያውን አስነከሰችው። መርፌው ገባ፤ ማሽኑ ረጋ ብሎ ቆጠረ። እስኪነቃ ድረስ ትከሻው ላይ ያለው እጅዋ አልተነሣም።

ጨጓራው ውስጥ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ቁስል ተገኘች። ደሙ እዚያው ቆመ፤ ናሙና ተወሰደ። ውጤቱ በአሥረኛው ቀን መጣ። ክፉ ነገር የለም። ቁስል ነው፤ በመድኃኒት የሚድን ቁስል።

ውጤቱን ሊወስድ የመጣው ብቻውን ነው። ሲስተር አንብባ ነገረችው። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ፤ ግን ቶሎ አልተነሣም። በሥራ ዘመኑ ማታ ማታ ጉዳዮቹን ለሚስቱ ይነግራት እንደነበር ነገራት። ገና መሐል ሳይደርስ ጥፋተኛውን ታውቅበት ነበር፤ በዚህ ብዙ ጊዜ ይናደድ ነበር። ይህቺን የቁርስ ጉዳይ ቢነግራት ገና እንቁላሉ ላይ ሲደርስ አንተው ነህ ትለው እንደነበር እርግጠኛ ነው።

«ትስቅ ነበር» አላት። «ድምፅ አውጥታ።»

ሲስተር ራሷን ነቀነቀች። በር ድረስ ሸኘችው። ዘበኛው ተነሥቶ ሰላምታ ሰጠው፤ ኢንስፔክተሩም መለሰና ወደ ቤቱ የሚወስደውን መንገድ ያዘ።

የሚያወራው ጥሩ ጉዳይ ነበረው። የምትሰማው ሚስቱ ግን የለችም።